ግድግዳ ላይ ያለችው ነርስ

«ለሊሴ ትወጋሻለች፤ እሷ ምን ሥራ አላት።»

ይህን ያለችው ከበደች ናት፣ የለሊሴ አባት እህት፣ በኦሮምኛው አዳዳዋ። የተባለውም ሳሎን ውስጥ ነው፣ መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ በጠዋት ለመጣችው ጎረቤት፣ ለአሰፋች። ለሊሴ ጓዳ ውስጥ አልጋዋን እያነጠፈች ሰማችው። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቢሆንም ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ የሳሎን ወሬ በላይ በኩል እየተሻገረ ጓዳ ይገባል። ከበደች ክፉ ሴት አይደለችም። ንግግሯም ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። በቁጣ የተነገረ ነገር መልስ ይሰጠዋል። «ዛሬ ይበርዳል» እንደሚባለው በተራ ድምፅ የተነገረ ግን ምን ይመለስለታል? አምና ይህን ጊዜ እዚህ ቤት «ለሊሴ ሥራ ስትይዝ» የማይባልበት ቀን አልነበረም። የጣሪያው ቀዳዳ ለሊሴ ሥራ ስትይዝ ይደፈናል፣ ሶፋው ለሊሴ ሥራ ስትይዝ ይለወጣል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ስለ ቀዳዳውም ስለ ሶፋውም ማንም አንስቶ አያውቅም።

ወጥታ ወጋቻት። መርፌው ለሰባት ቀን የታዘዘ ነው፤ ይህ አምስተኛው ነው። አሰፋች ሶፋው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቲማቲም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እጥፍ እንደሆነ እያወራች መርፌው ገብቶ ሲወጣ አላወቀችም።

«ጨረስሽ እንዴ? እጅሽ አይሰማም እኮ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሚስማር ነው የምትመታው የሚመስለው።»

«ሰው በዝቶባት ነው፣ እትዬ አሰፋች።»

«ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ነርስ። የመጀመሪያ ቀን በጠዋት ሄጄ እስከ ስድስት ሰዓት ተሰለፍኩ። ኋላ ነው፣ ምን አደከመኝ፣ ከበደች ቤት ነርስ ተቀምጣ የለ ያልኩት።» ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ።»

ጤና ጣቢያው ከከበደች ግቢ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። እዚያ ሰው የሚሰለፈው ነርስ ስላነሰ ነው። ነርሷ ደግሞ አለች። አራት ዓመት ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ የብቃት ፈተናውን አልፋ፣ የሙያ ፈቃድ ተሰጥቷት፣ በሁለት ኩንታል ገብስና በግድግዳ መካከል በተጣበቀች አልጋ ላይ ትውላለች። በሽተኛውና ነርሷ አምስት ደቂቃ ተራርቀው ሲፈላለጉ የሚያገናኛቸው መሥሪያ ቤት የለም፤ የምታገናኛቸው ከበደች ናት፣ ያውም በነጻ። ስብሰባ ላይ ሲነሳ ይህ ነገር «የበጀት ውስንነት» ይባላል። አንድ ነውር ስም ከወጣለት በኋላ የሚያፍርበት ሰው አይገኝም።

ያ ሐሙስ ግን እንደ ሌሎቹ ቀናት አልነበረም። ሰኞ ዕለት ጤና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ አንድ ሆስፒታል ሦስት ነርሶች ይፈልጋል፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። አዲስ ተመራቂ ማስታወቂያ ሲያይ ሌላውን አያነብም፤ ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው ወደዚያች ቁጥር ነው። ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት የሚል በየወሩ ይወጣል። ልምድ አምጡ የሚሉት ሰዎች ልምድ የሚገኝበትን በር ራሳቸው ዘግተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ነው የሚጠይቁት። ለሊሴ ፈቃዷን ከያዘች ወዲህ ዜሮ የሚል ይህ የመጀመሪያው ነው። ምዝገባው ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል፤ የሚመዘገበውም ዋናውን የሙያ ፈቃድ ይዞ በአካል የቀረበ ብቻ ነው። የለሊሴ ዋናው ፈቃድ ደግሞ ቤት የለም። ከገበያው በላይ ባለ አንድ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሦስት ቀን ተመላልሳ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሄዷል እየተባለች ተመልሳለች።

ጥቁር ጫማዋን ስታደርግ ከበደች ከድንች ልጣጩ ላይ ቀና አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ምዝገባ አለ፣ አዳዳ።»

«ቶሌ» አለች ከበደች፤ እሺ ማለቷ ነው። ድሮ ቢሆን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን ትከሻዋ ላይ ጭና ትጸልይላት ነበር። አሁን አንድ ድንች አነሳች፣ ዓይኑን በቢላዋ ጫፍ አወጣች፣ ሌላ አነሳች። ለሊሴ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወጣች።

ክሊኒኩ ድሮ መኖሪያ የነበረ አምስት ክፍል ቪላ ነው። ሳሎኑ የበሽተኛ መጠበቂያ ሆኗል፣ መኝታ ቤቶቹ ምርመራና ላቦራቶሪ፣ ማድቤቱ መርፌ ክፍል፤ የመርፌ ክፍሉ ጣሪያ እስካሁን በጭስ እንደጠቆረ ነው። ከካርድ ክፍሉ መስኮት በላይ አራት ፍሬሞች ተደርድረዋል። የክሊኒኩ ፈቃድ፣ የባለቤቱ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ አራተኛው የለሊሴ ገላና። ፎቶዋ ላይ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ልትስቅ ስትል የተከለከለች ትመስላለች። ያሰቀለችው ራሷ ናት፣ በደስታ። የዛሬ ስምንት ወር የክሊኒኩ ባለቤት ኃይለመስቀል ደውሎ፣ ክሊኒኩ ደረጃውን ከፍ ለማድረግ ፈቃድ ያላት ነርስ እንዲያሳይ ተጠይቋል፣ ለጊዜው ፈቃድሽ ይሰቀል፣ በሽተኛ ሲበዛ አንቺ ራስሽ ትገቢያለሽ አላት። በዚያች ከተማ ያሉ አዲስ ተመራቂዎች በሙሉ የሚያምኑት አንድ ነገር አለ፤ ፈቃዷ የተሰቀለላት አንድ እግሯ ገብቷል ይላሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የክሊኒክ ባለቤቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ዲክሲስ ያለው አባቷ ገላና ወሬውን ሲሰማ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ምስጋና አቅርቧል። በስምንቱ ወር በሽተኛው በርግጥ በዝቷል። መርፌ የምትወጋው ግን የካርድ ክፍሏ መክሊት ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የገባች፣ እዚያው እያየች የለመደች። ፈቃድ ያላት ትሰቀላለች፣ ፈቃድ የሌላት ትሠራለች። በዚህ መክሊትን የሚወቅስ ሰው ካለ ጣቱን ይሰብስብ፤ እሷም ትበላለች፣ እሷም የቤት ኪራይ አለባት።

ኃይለመስቀል ጤና መኮንን ነው። ከተማው ግን ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አርሞ አያውቅም። ሃምሳውን ያለፈ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰውን ቁጭ በል ሳይል የማያናግር ሰው ነው።

«ግቢ፣ ሲስተር ለሊሴ፣ ቁጭ በይ። እግዚአብሔር ነው የላከሽ።»

«ፈቃዴን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ዶክተር። ምዝገባ አለ፤ ዛሬ ያበቃል።»

«ውሰጂ፤ ያንቺ አይደል እንዴ?» እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፣ መለሰው። «ግን ዛሬ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ቦታው ባዶ ሆኖ ካገኙት ያሽጉታል። ከታሸገ እኔም አንቺም ነገ የምንገባበት የለንም። እስኪሄዱ ድረስ ጋወን ልበሺና ተቀመጪልኝ። አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከዚያ ራሴ አውርጄ እሰጥሻለሁ።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። ወንበር ላይ ቆማ ፍሬሙን ብታወርደው ማንም አይከለክላትም ነበር። ፈቃዱ የሷ ነው፣ ስሙ የሷ ነው፣ ፊቱ የሷ ነው። ነገር ግን ከትልቅ ሰው ግድግዳ ላይ ዕቃ አውርዶ መሄድ ያስተማራት ሰው የለም። አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሯት «እሺ» ማለትን ነው። በተጨማሪም፣ በዚህ ማፈር አይገባም፣ «ነገ የምንገባበት» ሲል ውስጧ ተስፋ ተነቃንቆ ነበር።

መክሊት ጋወኗን አውልቃ ሰጠቻት።

«እጅጌው ያጥርሻል። ጓንት ላይኛው መሳቢያ ነው፣ ጉሉኮስ ከታች። ስለ ኦክስጅኑ ከጠየቁሽ ትናንት ነው ያለቀው በይ።»

«ትናንት ነው ያለቀው?»

«እኔ እንጃ። ከገባሁ ጀምሮ ኖሮ አይቼው አላውቅም።» ሻሽ አሰረች፣ መጥረጊያ አነሳች፣ ለዕለቱ የጽዳት ሠራተኛ ሆና ወደ ጓሮ ወጣች።

ተቆጣጣሪዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ አልመጡም፣ በሁለትም አልመጡም። አምስት ተኩል ላይ ግን ሚፍታ የሚባል ባለጋሪ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ ገባ። ፈረሱ ደንብሮ ጣቶቹን በጋሪውና በግንብ አጥር መካከል አጣብቆበታል። ለሊሴ ነጠላውን በውኃ እያራሰች ፈታችው። ቁስሉን አጠበች፣ ከቆዳው ሥር የገባውን ጠጠር በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ለቀመች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰች አጥንቱ አለመሰበሩን አየች፣ ለሁለት ጣት አንድ ላይ፣ ለሦስተኛው ለብቻው ፋሻ አሰረች። እጇ ሁሉንም ያስታውሳል። እንደሚረሳው ፈርታ ነበር። ማታ ማታ ገብሱ ከረጢት ላይ ፋሻ መጠቅለል የምትለማመደውም በዚያ ፍርሃት ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?» አላት ሚፍታ። «የተፈጨው እኮ የኔ እጅ ነው።»

እየሳቀች እንደነበር አላወቀችም። ይቅርታ ጠየቀችው። ሰውዬው ወጥቶ ለካርድና ለፋሻ ከፈለ፤ ገንዘቡን የተቀበለችው መጥረጊያዋን በር ላይ አስደግፋ የገባችው መክሊት ናት።

ሲስተር ፀዲ የገባችው ልክ በዚያ መካከል ነው። የተቆጣጣሪዎቹ ኃላፊ ናት፤ ከኋላዋ ቅጽ የያዘ አንድ ወጣት ይከተላታል። ሃያ ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ ከማንም ቤት ቡና እንኳ የማትጠጣ ሴት ናት ይባላል፤ እውነትም ነው። ፍሬሙን አየች፣ የለሊሴን ፊት አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ፔኒሲሊን ወግተሽው በሽተኛው ቢወድቅብሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ለሊሴ መለሰች፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የት እንደሚወጋ፣ እግሩ ከፍ እንደሚል፣ በስንት ደቂቃ እንደሚደገም። ወጣቱ መጻፉን ትቶ ሰማት።

«ጎበዝ» አለች ሲስተር ፀዲ። «የግል ክሊኒክ ውስጥ እንዲህ የሚመልስ አይገኝም። እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ለሊሴ ኃይለመስቀልን አየችው። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«ስምንት ወር።»

«ደመወዝ በጊዜው ይከፍሉሻል?»

«አዎ።»

«እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረመች። ያለ ማንም ግፊት፣ በገዛ እጇ፣ ጥርት ባለ ጽሕፈት። ሐሰት ነው ለማለት ራሱ ያስቸግራል፤ ስሟና ፊቷ በርግጥ ስምንት ወር እዚያ ቆመዋል፣ የቀረው አካሏ ብቻ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው «ለምን እውነቱን አልተናገረችም?» ይላል። የሚለውም ጠግቦ ነው። እውነቱን ብትናገር ክሊኒኩ ይታሸጋል፣ ፈቃዷን ያከራየች ተብላ ፈቃዷ ይታገዳል፣ እሷም በምዝገባው ፈንታ ለምርመራ ትጠራለች። በዚህ አገር እውነት ለመናገርም መጀመሪያ ሥራ ሊኖርህ ይገባል።

ኃይለመስቀል ተቆጣጣሪዎቹን በር ድረስ ሸኘ፤ ምሳ ቢጋብዛቸው ሲስተር ፀዲ እምቢ አለች። ከዚያ ቃሉን ጠበቀ። ወንበር ላይ ወጥቶ ፍሬሙን አወረደ፣ በጋወኑ ጫፍ አቧራውን ጠርጎ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጣት። ግድግዳው ላይ ከሌላው ቀለም የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ። ሰዓቱ ስምንት ነበር።

ጤና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ፣ ሽንት ቤቱን ዞሮ፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ደርሷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ፖስታ ይዘዋል። ከዚሁ ከአሰላ፣ ከሮቤ፣ ከዲክሲስ፣ ከየገጠር ከተማው የመጡ ናቸው። ልጅ ያዘለች አለች፤ ሦስት ዓመት የጠበቀች ሳትሆን አትቀርም። አንዱ ለጓደኛው በኦሮምኛ፣ እሱ አሁን ባጃጅ እንደሚነዳ፣ ጋወኑን ግን ከወንበሩ ሥር እንደሚያስቀምጥ ይነግረዋል፤ ጓደኛው ይስቃል። ወሬው የማን አጎት የት መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ነው። ሦስቱ ቦታ ቀድሞ ተይዟል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይናገረዋል፣ ማንም ግን ከሰልፉ አይወጣም። ለሊሴ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። መዝጋቢው ደመቀ የሚባል፣ ብርድ የፈራ ሰው ነው፤ ካፖርቱን ደርቦ በሁለት ጣቱ ይጽፋል። ፈቃዷን ተቀበለ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ስሟን ጻፈ።

በዚያ ቅጽበት ሲስተር ፀዲ በክፍሉ ውስጠኛ በር ገባች። የዕለቱን የቁጥጥር ቅጾች ደመቀ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቅድም ክሊኒኩ ያገኘሁሽ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ሲስተር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ የሐዘን ነበር። «ደመቀ፣ ይቺ ሥራ አላት። ስምንት ወሯ ነው፣ ፊርማዋ እዚህ አለ። ይህ ቦታ የወጣው ምንም ለሌላቸው ነው። እነዚህን አታያቸውም?» በመስኮቱ ወደ ሰልፉ አመለከተች።

ከኋላ ያሉት ሰሙ። «ደመወዝ እየበላች ነው እኛን የምትገፋው» አለች አንዷ። ሌላው የባሰ ተናገረ።

ለሊሴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እንግዲያው ስምንቱ ወር እንደ ልምድ ይያዝልኛል?»

ደመቀ ካፖርቱን ወደ አንገቱ ሰበሰበ። «የግል ክሊኒክ ነው? የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ስለዚህ ልምድ አይደለም።»

ይኸውና የመንግሥት ሒሳብ። ለመከልከል ስምንት ወር ሠርታለች፣ ለመቀጠር አንድም ቀን አልሠራችም። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነገሩ፤ ጠረጴዛውም አልተሰነጠቀም፣ ሰውዬውም ምራቁ አላነቀውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሲስተር ፀዲ ትክክል መሆኗ ነው። ሥራ ላላት ሥራ አይሰጥም አለች፤ ማን ይቃወማታል? ሐቀኛ ሰው በሐሰት ቅጽ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ፍትሕ ከሌባ በደል የሚለየው በሰላምታው ብቻ ነው።

«መልቀቂያ ካመጣሽ አልከለክልሽም» አለቻት ፀዲ። «የለቀቀ ሰው ሥራ የለውም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ሮጠሽ ከደረስሽ መስኮቱ ጋ በቀጥታ ትመጫለሽ።»

ባጃጁ በኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ለሊሴ ፖስታውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። ክሊኒኩ ስትደርስ አሥር ከሩብ ነው። ኃይለመስቀል አዳመጣት። አልተደነቀም።

«መልቀቂያ? ይጻፍልሻል፤ ማኅተሙ እዚሁ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው። ግን እኔንም ተረጂኝ፣ ሲስተር። አንቺ ለቀሻል ብዬ ከጻፍኩ ነርስ የለኝም ማለቴ ነው። ያቺ ሴትዮ ሰኞ ለቀሪው ምርመራ እመለሳለሁ ብላለች። ምትክ አምጪልኝ።»

«ምትክ?»

«ፈቃድ ያላት። በዚህ ከተማ ነርስ ጠፍቶ ያውቃል? ጓደኛ የለሽም?»

ጓደኛ አላት። ፈናን ዱሬሳ ትባላለች፤ የሮቤ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ አራት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የተኙ። ከገበያው አጠገብ እህቷ ጋ ትኖራለች። ፈቃዷ ከደረሳት ሁለት ሳምንቷ ነው። ሰኞ ዕለት ሰልፉ ውስጥ መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ እሷ ነበረች። ለሊሴ ስልኩን ይዛ ቆመች። ነገሩ ከባድ ሒሳብ አይፈልግም። ፈናን እዚህ ከተሰቀለች፣ ሰኞ ሲስተር ፀዲ መጥታ ስሟን ትጽፋለች፤ ከጻፈችው ሥራ አላት ብላ ከተመዘገቡት መካከል ታስወጣታለች፤ ልክ ለሊሴን እንዳስወጣቻት። ይህን ለፈናን ለመንገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለሊሴ ሁለቱንም አዘጋጅታ ደወለች።

«ፈናን፣ የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ፣ ልብስ እያጠብኩ። ማል ታቴ? ምን ሆነሻል፣ ድምፅሽ?»

«ክሊኒኩ ነርስ ይፈልጋሉ። ዋናውን ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ። አሁን።»

ሌላኛው ጫፍ ላይ ባልዲ ሲገለበጥ ተሰማ።

ፈናን በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰች። እጇ ገና ሳሙና ሳሙና ይላል። በፌስታል ጋወን ይዛ ነበር፤ የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ስሟ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ። «ዛሬውኑ ጀምሪ ሊሉኝ ይችላሉ ብዬ» አለች በሹክሹክታ፣ እያፈረች። ኃይለመስቀል ቁጭ በይ አላት፣ የት እንደተማረች ጠየቃት፣ ስለ ሮቤ የስንዴ ምርት አወራት። ለጊዜው ፈቃድሽ ይሰቀል፣ በሽተኛ ሲበዛ አንቺ ራስሽ ትገቢያለሽ፣ እንደውልልሻለን አላት። ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ቃል፤ ስምንት ወር ቢያልፍም አንዲት ፊደል አልጣለም። ፈናን ለሊሴን አየቻት። ጥያቄ ነበር፤ እውነት ነው ወይ የሚል፣ ከአራት ዓመት አልጋ ጎረቤቷ ብቻ የሚጠየቅ። ለሊሴ መክሊት ስትተይበው የነበረውን ወረቀት ታይ ነበር። «በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን የለቀቀች መሆኑን፤ እስከ ለቀቀችበት ቀን ድረስ የሚገባትን ደመወዝ አጠቃላ የተቀበለች መሆኑን» ይላል። ለሊሴ ታችኛው መስመር ላይ ፈረመች። ኃይለመስቀል ማኅተሙን አሳረፈ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥቶ የፈናንን ፈቃድ ባዶው ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ሰቀለ። ልኩ ነው። ሁሉም አንድ ልክ ናቸው።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሲስተር ፀዲ ከውስጥ አይታት፣ እንደተባለው፣ ሰልፉን አስከፍታ አስገባቻት። ደመቀ መልቀቂያውን አነበበ፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር በስቴፕለር መታው፣ ቁጥር ጻፈላት። አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።

«ፈተናው መቼ ነው?» አለችው።

«ይለጠፋል።»

መስኮቱ ተዘጋ። ከኋላዋ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ።  ጥቂቶቹ መስኮቱን ትንሽ አንኳኩ፣ ከዚያ ፖስታቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው ተበተኑ። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው ወርዶ ብርዱ ጀምሯል። ለሊሴ ከግቢው ወጥታ በዋናው መንገድ ዳር፣ ለባጃጅ የሚሆን ሳንቲም ቢኖራትም፣ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ከአንድ ፋብሪካ ማዶ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። አየችው። እንዲጮህ ተወችው፤ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ።

«ለሊሴኮ፣ የኔ ለሊሴ!» የፈናን ድምፅ በሳቅ ተሞልቷል። «ሳላመሰግንሽ ሮጠሽ ጠፋሽ እኮ። ደረስሽ? ተመዘገብሽ?»

«ተመዘገብኩ።»

«ጌታ ይመስገን። እኔ ለእናቴ ደወልኩላት። እያለቀሰች አላስወራ አለችኝ።» ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። «ስሚ፣ ሰውዬው እንደውልልሻለን ነው ያለኝ። ግን እህቴ ምን አለች መሰለሽ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጥሩ አይደለም፣ ራስሽ በጠዋት ተገኝተሽ አሳዪያቸው አለችኝ። ጋወኑንም መልሼ ተኮስኩት። ስንት ሰዓት ነው የሚገባው? አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ደስታው ይዞኝ ሳልጠይቅ ወጣሁ።»

አንድ ጋሪ በአጠገቧ አለፈ። ለሊሴ ወደ ዳር ጠጋ አለችለት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለቻት።